ጠፍ ጨረቃ ያልኩበት ቀን

የቤታችን በር ከዕቃ ሳጥን ጣውላ ነው የተሠራው። ባለቤቴ ጣውላውን ከወደቡ ለምኖ አምጥቶ ራሱ ገጠመው። በውጭ በኩል የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት፣ በውስጥ በኩል ደግሞ የእኔ ጭረት አለ። የፈረንጁን እኔ አላነበውም፤ የእኔንም ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። በምስማር ነው የጫርኩት። ክብ ካለ ጨረቃ ሙሉ ነበረች ማለት ነው። ነጥብ ብቻ ከሆነ ጨረቃ አልነበረችም። ከሥሩ ሰረዝ ካለ ልጄ ሚዳቋ ይዞ ገብቷል፤ መስቀለኛ ከሆነ ባዶ እጁን ገብቷል። አራት ዓመት እንዲህ ስጭር ኖርኩ።

ሁለተኛ ክፍል ሳልጨርስ የተዳርኩ ሴት ነኝ። ፊደል እለያለሁ፣ ቀስ እያልኩ ከሆነ እጽፋለሁም። ደብተር ላይ እንዳልጽፈው ልጄ ያነብብኛል ብዬ ፈራሁ። በሩ ላይ ስጭረውም ቢሆን ሳምንት ሳይሞላ ገባው። ሳቀ፣ አገጬን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ "እማዬ፣ አንቺ ቢያስተምሩሽ ኖሮ መርከብ ትነጂ ነበር" አለኝ። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

ለምን እንደምጭር ልንገር። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ፣ ሁለቱንም ደሴ። አንዱ በኩፍኝ ሄደ። ሁለተኛዋ ማታ ደህና ተኝታ ጠዋት አልተነሣችም። ሦስተኛው ሲወለድ በተኛ ቁጥር አፍንጫው ሥር እጄን እያደረግሁ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር። ባለቤቴ በአሰብ የብየዳ ሥራ አግኝቶ ስንወርድ ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር። መንገዱን ሁሉ፣ ከደጋው እስከ ባሕሩ፣ በመኪናው መስኮት እንዳይወድቅብኝ ብዬ ሸሚዙን ጨብጬ ነው የመጣሁት። ፍርሃቴ ከዚያ በኋላም አልለቀቀኝም። አሰብ ደግሞ ለፈሪ ሰው የሚሆን አገር አይደለም። ከከተማው ወጣ ካልክ ጥቁር ድንጋይና አሸዋ ነው። ጥላ የለም፣ ምንጭ የለም፣ ምልክት የለም።

ልጄ አድጎ በወደቡ ጋራዥ ተቀጠረ። በእሑድ ቀን የሚያርፍበት አጥቶ አደን ለመደ። ያስለመደው ሾፌር ነው። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ፣ ተራው እስኪደርስ አሰብ ሳምንት የሚከርም፣ ወፍራምና ተጫዋች ሰው ነበር። ባለቤቴ ተሳቢውን በየደለትና በዚያው የቤታችን ሰው ሆነ። ልጄ ጋሼ ይለዋል፣ እኔን ደግሞ እሱ እትዬ ይለኛል፣ በዕድሜ ብዙም ሳልበልጠው። ባለቤቴ ከቁርጥራጭ ብረት ሰብስቦ ያስነሣው አሮጌ ጂፕ ነበረን። በዚያ ነው የሚሄዱት። ሦስተኛው አዳኝ ጎረቤታችን ነበር፣ የአገሩ ሰው፣ እስላም፣ በወደቡ ቢሮ ጸሐፊ። እሱን የሚወስዱት ተኩሶ ስለሚመታ አልነበረም። አንዷን ሚዳቋ እነሱ በስመ አብ ብለው ያርዳሉ፣ አንዷን እሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። እንዲያ ካልሆነ ግማሽ ሰፈር ሥጋ አይበላም።

ሚዳቋ የምለው ያቺን የሜዳ ፍየል የሚሏትን ነው፤ እኛ ቤት ሚዳቋ ነው ስሟ። አንዳንድ ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያው አለፍ እንዳሉ ያገኟታል። እንዲያ ከሆነ ገና ምሳ ሳይደርስ ቤት ናቸው። ካጡ ግን ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ፣ ወደ ደባይሲማ በረሃ በኩል። ውኃው በጀሪካን ነው፣ ጀሪካኑ ደግሞ ሁለት ነው። ጉዳዬ ሥጋው አልነበረም። እኔን ያስጨነቀኝ ቶሎ ማግኘታቸውና ማጣታቸው ነበር። ቶሎ ካገኙ ልጄ ይመለሳል።

ነገሩን ያመጣው አንድ እሑድ ነው። ሁለት ይዘው በጠዋት ገብተው፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲበሉ ሾፌሩ ጀመረ።

"እትዬ፣ ዛሬ የቀናን ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጨረቃ ስለሌለች ነው። ሚዳቋ በጨለማ አትግጥም፣ ጅብ ትፈራለች። ሲነጋ ርቧት ሜዳ ላይ ትወጣለች። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን ሌሊቱን ስትግጥ አድራ ቀን እሾህ ሥር ትተኛለች። ጠግባ፣ አፈር መስላ። ብትረግጫት እንኳ አታይያትም።"

"ታዲያ ባለፈው በሙሉ ጨረቃ ያመጣችኋት በሕልሜ ነው የበላኋት?" አለ ባለቤቴ።

"እሷ ሞኝ ነበረች።"

"ሚዳቋም ሞኝ አላት?"

"እኛ ቢሮ ስንት አለ፣ እነሱ ዘንድ ለምን ይጠፋል" አለ ጸሐፊው፣ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ እጁን እየጠረገ፣ "የአጎቴ ጀልባ በይሉል ናት፣ ከባሕሩ ዳር ባለችው መንደር። ዓሣ በጨረቃ እንደሚሄድ እዚያ ሕፃን ያውቀዋል። ባሕሩ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። የብስ ግን ወላሂ ከፍ ዝቅ ሲል አላየሁም" አለ።

ልጄ አጥንቱን እየጋጠ፣ "ሚዳቋ የምትፈራው የጋሼን ማስነጠስ ነው፣ ጨረቃ ምን አደረገቻት" አለ።

እነሱ ለጨዋታ ተናግረው ረሱት። እኔ ግን ያን ቀን ሳህን እያቀረብኩ የሰማሁት አንድ ነገር ነው። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ሩቅ ይሄዳሉ። በማግስቱ ምስማር ፈለግሁ።

አንድ ዓመት እንደጫርኩ አመንኩ። ልጄ በጨለማው ጊዜ ሲሄድ ቶሎ የሚመጣ፣ በሙሉ ጨረቃ ሲሄድ የሚቆይ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ እሑድ በቀረበ ቁጥር ሰማይ አያለሁ። "በዚህ ሳምንት ተው፣ በሚቀጥለው ይሻላል" እላለሁ። መጀመሪያ ይሰማኝ ነበር።

ወተት የምታመጣልን አንዲት የአፋር ሴት ነበረች። አንድ ጠዋት ወተቱን ስትቀዳልኝ በሩን አየችና ጭረቱን በጣቷ ተከትላ፣ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እስኪበቃት ሳቀች።

"ጨረቃ በር ላይ ታስሪያለሽ?" አለች። አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም ይቀላቅላል። "ሚዳቋ ዝናብ ይከተላል። ዝናብ በይሉል ከሆነ ሚዳቋ በይሉል። ዝናብ ደባይሲማ ከሆነ ሚዳቋ ደባይሲማ። ጨረቃ ለሰው ነው። ሰው ብቻ ነው ወደ ላይ የሚያየው።"

"አንቺ ልጅሽን አልሰደድሽ" አልኳት።

"ሦስት ልጅ አለኝ። ሦስቱም እዚያ ነው ያለው" ብላ በእጇ ወደ ሜዳው አሳየችኝ።

አልሰማኋትም። ዝናብ የት እንደዘነበ ከቤቴ ሆኜ ማየት አልችልም። ጨረቃን ግን አያታለሁ። ያየሁትን ይዤ ያላየሁትን ተውኩ።

ነገሩ የተበላሸው ጋራዥ ውስጥ ሲያወሩበት ነው። ባለቤቴ ነው ያወራው፤ ለክፋት አይደለም፣ ሰው ለማሳቅ። ከዚያ በኋላ ልጄን፣ "በዚህ እሑድ እናትህ ፈቃድ ሰጥታሃለች? ጨረቃዋ ማኅተም መታች?" ይሉት ጀመር። ወጣት ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። አንድ ቀን ሥራ ውሎ ፊቱ ጠቁሮ ገባና እጁን ሳይታጠብ ፊቴ ቆመ።

"እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ጨረቃ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ሆን ብዬ በሙሉ ጨረቃ ነው የምሄደው። እወቂው።"

"እሺ" አልኩ። 

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩት፣ ልቤ ግን ዝም አላለም። ስፈራ ቀጥ ብዬ መሄድ አልችልበትም፣ በጓዳ ነው የምዞረው። ሾፌሩ እንደሚሰማኝ አውቅ ነበር። የመንገድ ሰው ነው፤ የጥቁር ድመትን ነገር፣ የማክሰኞን ነገር ያምናል። ከሁሉ በፊት የጨረቃውን ነገር ያመጣው ራሱ ነው። ቀኑን እሱ ከወሰነው ልጄ እኔ እንዳለሁበት አያውቅም። ግን ሾፌሩ በዚያ ሰሞን ወደ ቤት የሚመጣው ከልጄ ጋር ነበር፤ ወደ ወደቡ በር ደግሞ ሴት ዝም ብላ አትሄድም። ጸሐፊው ግን ሾፌሮቹ ወረቀት የሚያስፈርሙት ዘንድ ነው የሚሠራው፣ በየጠዋቱም በደጄ ያልፋል።

ታኅሣሥ ነበር፣ አየሩ ደህና የሚሆንበት። ጠዋት ሲያልፍ ጠራሁት።

"ሰላም አለይኩም፣ እናቴ። ደህና አደሩ?"

"ደህና። ሾፌራችንን ታገኘዋለህ ዛሬ?"

"ይመጣል። ምን ልበልልዎት?"

"በጠፍ ጨረቃ ልጄን ይዞ እንዳይወጣ በልልኝ። እሷ ብላለች በለው፣ እኔን ያውቀኛል። ልጄ ደግሞ እንዳይሰማ።"

"በጠፍ ጨረቃ" አለ፣ እንደሚመዘግብ ሰው።

"አዎ። በሌላው ጊዜ ይውሰደው፣ ግድ የለኝም።"

"ሐዲር፣ አደርሳለሁ" ብሎ ደረቱን ነክቶ ሄደ። የተባባልነው ይህን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ልቤ ቀልሎኝ ዋልኩ፣ ልብስ ሳጥብ ዘፈንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ጓሮ ሆኖ ጀሪካኖቹን ሲሞላ አገኘሁት። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ጨረቃዋ ከባሕሩ ስትወጣ አይቻታለሁ፤ እንደ ሰፌድ ክብ ልትሆን ጥቂት ነበር የቀራት። 

"ነገ ልትሄዱ ነው?"

"አዎ።"

"ቀኑን ማን መረጠው?"

"ጋሼ ነው። እኔ ቀን አልመርጥም፣ አንቺ ነሽ የምትመርጪው" ብሎ ሳቀብኝ።

እዚህ ላይ ነው የማልወጣው። ያን ጊዜ ያሰብኩትን በእውነት ልጻፈው። ሾፌሩ መልእክቴን ሰምቶ ንቆ ጣለው ብዬ አሰብኩ። ወደብ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ሆኖ ስቆብኝ ይሆናል አልኩ። ተናደድኩ፣ አፈርኩም። ልጄን "አትሂድ፣ ለጋሼ መልእክት ልኬ ነበር" ብዬ ብነግረው ከጀርባው እንደሄድኩ ይታወቃል። ያን ፊቱ የጠቆረበትን ቀን አስታውሼ ፈራሁ። ፍርሃት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱን ስፈራ ሌላውን ረሳሁት። የጀሪካኑን ክዳን አጥብቄለት ወደ ውስጥ ገባሁ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ጂፑ ደጅ ሲነሣ ተነሥቼ ዳቦና ሻይ ሰጠሁት። ሊወጣ ሲል በሩን ያዘ፣ እጁ ጭረቱ ላይ አረፈ። ቅዳሜ ማታ እንዳዘንኩ ገብቶት ይሁን፣ ወይም እንዲሁ ለጨዋታ፣ አላውቅም። ራሱ አነሣው።

"እማዬ፣ ዛሬ ጨረቃሽ ምን አለች?"

የንግግሩን በር ራሱ ከፈተልኝ ማለት ነው። ያለ ቁጣ፣ በፈገግታ፣ እንደ ድሮው። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ይሰማኝ ነበር ይሆናል። እኔ ግን ነገር በሆዴ ይዤ ነበርና ብርጭቆውን ተቀብዬ፣

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩት።

ሳቀና ጎንበስ ብሎ ወጣ። በሩ ለእሱ አጭር ነበር።

ጸሐፊው ያን ቀን አልሄደም፣ መርከብ ገብቶ ሥራ ላይ ነበር። ሾፌሩና ልጄ ብቻ ሄዱ። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ አልመጡም። ባለቤቴ፣ "አጥተው ገፍተው ይሆናል" አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴም ደጅ ወጥቶ ቆመ።

የሆነውን የማውቀው ሾፌሩ በኋላ ከነገረን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ አንዲት ሚዳቋ አላዩም። ገፉ። አሁንም አላዩም። ቀትር ላይ በጣም ርቀው ሳለ የጂፑ ራዲያተር ተከፈተ፣ ባለቤቴ በቆርቆሮ የደፈነው ቦታ። አንዱን ጀሪካን ለራዲያተሩ አጠጡት። ጥቂት ሄዶ ያንንም አፈሰሰው። ከሁለተኛውም ቀነሱለት። ጂፑ ያን ሁሉ ውኃ ጠጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ሰውነቱ ከባድ ነው፣ ሩቅ መራመድ አይችልም። ልጄ፣ "እኔ ወደ መንገዱ ወጥቼ መኪና ላምጣ፣ አንተ ጥላው ሥር ቆይ" አለው። ፀሐይዋ እስክትበርድ ጠበቁ። የቀረውን ውኃ ተካፈሉ።

ሲለያዩ ሾፌሩ አቅጣጫ ነገረው። "ባሕሩ በዚያ ነው። መንገዱም በዚያ ነው። ሲመሽ ጨረቃዋ ከባሕር ስትወጣ ታያታለህ። ወደ እሷ ሂድ፣ አትስትም።" ሰው ለሰው ሊሰጥ የሚችለው ጥሩ ምክር ነው። ሙሉ ጨረቃ ከባሕር ስትወጣ አሰብ ያደገ ሁሉ ያውቃታል።

ሰኞ ባለቤቴና የሰፈሩ ሰዎች በጭነት መኪና ወጡ። ሾፌሩን ግመል የሚነዱ የአፋር ሰዎች ሰኞ ከሰዓት አግኝተው አጠጥተው ወደ መንገዱ አውጥተውት ነበር። ልጄን ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ራሱ አገኘው።

ያየውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። አልቅሶ አይደለም፣ እንደ ሥራ ጉዳይ ነው የነገረኝ። ዱካው ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ በኩል ብዙ ርቀት ሄዷል። መንገዱን ሊያገኝ ጥቂት ሲቀረው ደክሞት ተኝቷል፤ የተኛበት ቅርጽ አሸዋው ላይ ነበር፣ የክንዱ ሳይቀር። ከዚያ የተነሣበት ዱካ አለ። የተነሣበት ግን ወደ ባሕሩ አይሄድም። ዞሮ ወደ ሜዳው ይገባል።

"ሲነሣ ጨረቃዋ ተሻግራ በምዕራብ በኩል ሆና ነው የጠበቀችው" አለኝ ባለቤቴ። "ወደ እሷ ሂድ ተብሏል። ወደ እሷ ሄደ።"

ልጄ ሞኝ አልነበረም። ውኃ ያጣ ሰው ግን ጭንቅላቱ የሚይዘው አንዲት ነገር ብቻ ነው አሉ። እሱም አንዷን ነው የያዘው።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ጸሐፊው መጣ። ሾፌሩ ከንፈሩ ገና ተሰነጣጥቆ ጥግ ተቀምጧል፣ ባለቤቴ ከአጠገቡ። ጸሐፊው በአረብኛው አጽናንቶን ተቀመጠ። ከዚያ ለእኔ፣ እንደሚያጽናና ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እናቴ፣ እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል። እኔ መልእክቱን እንዳሉት አድርሻለሁ። ጨረቃ ከጠፋች አትውጡ፣ ሙሉ ስትሆን ውጡ ብላለች አልኩት። እሱም እሺ ብሎ ጠበቀ" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"እንዳሉኝ። በጠፍ ጨረቃ እንዳይሄዱ።"

ሾፌሩን አየሁት። ቀና ሳይል፣ "እኔም ገርሞኝ ነበር፣ እትዬ" አለ። "ያኔ የተናገርኩትን ገልብጠሽ ስትልኪብኝ፣ አራት ዓመት የቆጠረችው እሷ ናት፣ ከእኔ ታውቃለች ብዬ ነው እሺ ያልኩት።"

ጸሐፊው እኔንም እሱንም አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። "ጠፍ ማለት የጠፋ ማለት አይደለም ወይ?" አለ።

በእኛ አገር ጠፍ ጨረቃ ማለት ሰው ሁሉ ተኝቶ ባዶውን ሜዳ ብቻዋን እንደ ቀን የምታበራው ናት። ደሴ ይህን የማያውቅ የለም። ለመንገድ የተነሣ ሰው ነጋ ብሎ የሚሳሳትባት ጨረቃ ናት። አሰብ ግን የሁሉም ሰው አማርኛ ከሌላ ቋንቋ በላይ የተደረበ ነው። እሱ አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከቢሮ ወረቀት ነው የተማረው፤ በቢሮ ወረቀት ላይ ጠፋ እንጂ ጠፍ አይጻፍም። ቃሉን ያላወቀው በስንፍና አይደለም። እንዲያውም ለሾፌሩ እንዲገባው ብሎ ተርጉሞ፣ አብራርቶ ነው የነገረው። እኔ ደግሞ ሙሉ ጨረቃ ማለት እየቻልኩ የእናቴን ቃል ተናገርኩ።

ያን ቀን "አዎ፣ የጠፋ ማለት ነው" ብዬ ብመልስለት ምን ነበረበት? ሰውየው አርፎ ቤቱ ይገባ ነበር። አላልኩትም።

"አይደለም" አልኩት።

 ያንን "አይደለም" ያልኩትን ተሸክሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቢሮው ሲሄድ በሌላው መንገድ ነው የሚያልፈው። በበዓላችን ሚስቱን ይልካታል፣ እሱ ግን አይመጣም። እኔም ና አላልኩትም።

ሰው ሁሉ የየራሱን ይዞ ቀረ። ባለቤቴ ጂፑን ጎትተው ሲያመጡለት ራዲያተሩን ፈትቶ ያንን የደፈነውን ቦታ በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ አየሁት።  ስለ ጠፍ ጨረቃ ምንም ብሎኝ አያውቅም። ብሎኝ ቢሆን ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት የቀልድ ነገር አልተነሣም።

ወተት አምጪዋ ሴት ሰባት ስምንት ቀን ቆይታ መጣች፣ ሩቅ ከርማ። ሰምታለች። ወተቱን አስቀምጣ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"በዚያ ሳምንት በይሉል ዘነበ" አለችኝ። "ሚዳቋ ሁሉ በይሉል ነበር። እኔ በዓይኔ አየሁ። በዚያ ሜዳ አንድም የለም። ጨለማ ቢሆን የለም፣ ጨረቃ ቢሆን የለም። የገደለው ቃልሽ አይደለም።"

ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ነገሩን ሳገላብጠው ባሰብኝ። ሾፌሩ መጀመሪያ ያለው እውነት ከሆነ፣ የተናገርኩት ቃል ተገልብጦ ልጄን ገደለው። ሴትየዋ ያለችው እውነት ከሆነ ደግሞ ቃሌ ማንንም አልገደለም፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ በከንቱ ነው ልጄን ያሰለቸሁት፣ በወንዶች ፊት ያሳፈርኩት፣ ከጀርባው የሄድኩት። አንዱን ስመርጥ ሌላው ይይዘኛል። ከሁለቱ የቱን እንደምመኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት ባለቤቴ መላጊያውን ይዞ መጣና በሩን ከማጠፊያው ማውለቅ ጀመረ። ጭረቱን ሊልገው ነው። "ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልቁጠረው" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ "እስካሁን አልቆጠርሽውም?" አለ።

አልቆጠርኩትም ነበር። አራት ዓመት ጫርኩ፣ አየሁት፣ አመንኩበት። ግን አንድም ቀን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ቆጥሬው አላውቅም። መቁጠር እችላለሁ፣ እሱን ያህል ተምሬአለሁ። ዝም ብዬ የማውቀው መስሎኝ ነው።

ተንበርክኬ ቆጠርኩት። በክቡ ሥር ያለውን ሰረዝ፣ በነጥቡ ሥር ያለውን ሰረዝ። መስቀለኛውንም ሁለት ጊዜ። እኩል ነው ማለት ይቻላል። እንዲያውም በክቡ በኩል በአንዲት ሰረዝ ይበልጣል። ልጄ በሙሉ ጨረቃም ይዞ ይገባ ነበር፤ ይዞ በገባ ቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ነው የሚገባው።

ታዲያ ምን አይቼ አመንኩ? ይህም ቆይቶ ገባኝ። ጨረቃ በሌለበት ሲያመሹብኝ ደጁ ጨለማ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቼ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ድምፅ ሲሰማ እወጣለሁ። ሙሉ በሆነች ጊዜ ግን መንገዱ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ይታያል። በሩ ላይ ቆሜ ያንን ባዶ መንገድ አያለሁ፣ ሰዓቱም አይሄድልኝም። ቆዩ ያልኩት እኔ ስለቆምኩ ነው። በር ላይ የጫርኩት የሚዳቋን ነገር አልነበረም።

ባለቤቴ መላጊያውን እንደያዘ፣ "ምን ይላል?" አለኝ።

"ምንም አይልም።"

በሩን መልሶ ሰቀለው። ጭረቱን አልነካውም።

ሾፌሩ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ከሌሎች ጋር ማደኑን አልተወም። በመጣ ቁጥር ማግኘት አለማግኘቱንና ጨረቃዋን እጠይቀዋለሁ፤ ዓይኔን ሳያይ ይነግረኛል፤ እጭረዋለሁ። ምናልባት ወደ አንዱ ያጋድል ይሆናል ብዬ። ከዚያ ወዲህ በየኬላው ጠመንጃ መፈተሽ ሲመጣ፣ መንገዱም ሲከፋ፣ አደን የሚወጣ ሰው ጠፋ፣ ቁጥሩም እዚያው ቆመ። አላጋደለም።

ልጄ በዚያ ጠዋት ጨረቃሽ ምን አለች ሲለኝ የመለስኩለት በቁጣ ነበር። የማውቀውን ደብቄ፣ ልጎዳው ብዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ አልኩት። ለእሱ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ውሸት ነው ብዬ ስንት ጊዜ ደረቴን መታሁ። ውሸት አልነበረም።